ናሚቢያ፦ ሰፊ አገር፣ ጥቂት ሰው፤ ለምን?

ናሚቢያ በዜና የምትነሣው አልፎ አልፎ ነው፤ ስትነሣም ወሬው ቁርጥራጭ ነው። በማርች 2025 ኔቱምቦ ናንዲ-ንዳይትዋ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ዓመት ሜይ 28 ቀን በጀርመን ቅኝ ገዢዎች እጅ ያለቁት ሄሬሮዎችና ናማዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በብሔራዊ የመታሰቢያ ቀን ታሰቡ። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ከደቡብ ጠረፏ ወዲያ ከጥልቅ ባሕር ሥር ነዳጅ መገኘቱ ሲነገር ቆይቷል። ስለ አገሪቱ የሚጠይቅ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «በረሃ ናት፤ ሰው የላትም።»

ይህ መልስ ግማሹ እውነት ነው። ዝናብ የነሣቻት ተፈጥሮ ናት። ሕዝቡ በአንዱ በኩል ተጨናንቆ፣ በሌላው በኩል መሬቱ ጭር ያለው ግን በዝናብ ብቻ አይደለም። አንድ የከብት ቸነፈር፣ አንድ የተጭበረበረ ውል፣ አንድ የጄኔራል ትእዛዝና አንድ አጥር እጃቸው አለበት። ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ድርሻ አላት። (በጽሑፉ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዶነቷ ምን ያህል ነው?

የናሚቢያ ስፋት 825,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን ሦስት አራተኛ ያህላል። በ2023 በተካሄደው ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ግን 3,022,401 ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን ከዚህ ትበልጣለች። ሕዝቡ ለመሬቱ ሲካፈል በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 3.7 ሰው ይደርሳል፤ ይህም ናሚቢያን ከሞንጎሊያና ከአውስትራሊያ ተርታ ያሰልፋታል።

አማካይ ቁጥር ግን ያሳስታል። በደቡብ ያለው የካራስ ክልል 161,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ይዞ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አንድ ሰው እንኳ አይደርስበትም። በሰሜን በአንጎላ ድንበር ላይ ያለው ኦሃንግዌና ከካራስ አንድ አሥራ አምስተኛ አይሞላም፤ ሕዝቡ ግን በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ30 ሰው በላይ ይኖርበታል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ናሚቢያ ለምን ሰው የላትም?» ሳይሆን «ሰዎቹ ለምን ሰሜን ላይ ተከማቹ?» የሚለው ነው።

ባሕር ዳር ሆና እንዴት ደረቀች?

ናሚቢያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ጠረፍ አላት። ያም ሆኖ በዋልቪስ ቤይ ወደብ የሚጥለው የዓመት ዝናብ ብዙ ጊዜ 20 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ምክንያቱ የባሕሩ ቅዝቃዜ ነው። ቤንጉዌላ የሚባለው የባሕር ጅረት ከደቡብ ወደ ሰሜን ጠረፉን እየታከከ ሲጓዝ፣ ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ወደ መካከለኛው ባሕር ይገፋዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ ብርድ ውሃ ይወጣል።

ዝናብ እንዲዘንብ እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ መቀዝቀዝ አለበት። እዚህ ግን ከባሕሩ ጋር የሚነካካው አየር ቀዝቅዞ ይከብድና ከታች ይቀራል፤ በላዩ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጠምበታል። እንፋሎቱ ክዳኑን አልፎ መውጣት አይችልም። የሚፈጠረው ጭጋግ ብቻ ነው። ጭጋጉ ሌሊትና ማለዳ ወደ የብስ አሥር አሥር ኪሎ ሜትሮችን እየዘለቀ ይገባል። በናሚብ በረሃ የሚኖር አንድ የጢንዚዛ ዝርያ ከዚህ ጭጋግ የሚጠጣበትን ዘዴ አውቋል፦ ማለዳ ወደ አሸዋው ክምር ጫፍ ይወጣና ጭንቅላቱን ወደ ታች፣ ቂጡን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። ጭጋጉ በጀርባው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ይጠራቀምና ተንከባሎ አፉ ይደርሳል። ያው ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ምግብ ይዞ ስለሚወጣ ባሕሩ በዓሣ የበለጸገ ነው። ጠረፉ የሚደኸየውም የሚበለጽገውም በአንድ ምክንያት ነው ማለት ነው።

ዝናብ የሚመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ወደ ምዕራብ በተጓዘ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ በዛምቤዚ ክልል በዓመት ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ በ1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ዋና ከተማ በዊንድሁክ 350 ገደማ፤ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ከምንም አይቆጠርም። ድርቅ የሚችል እህል እንኳ በዝናብ ብቻ ለማብቀል 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። በካርታ ላይ ይህን መጠን የሚያሳየው መስመር ከሰሜኑ ክፍል ብዙም አይወርድም። ክረምት ከበጋ የሚፈሱት ወንዞችም በሙሉ ድንበር ላይ ናቸው፦ ኩኔኔ፣ ኦካቫንጎና ዛምቤዚ በሰሜን፣ ኦሬንጅ በደቡብ። መሀል አገር ያሉት ወንዞች ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆነው ይከርሙና ከተራራው ዝናብ ሲወርድ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ ይሞላሉ።

ታዲያ ዋና ከተማዋ ውሃ ከየት ታገኛለች?

ዊንድሁክ ከየትኛውም የማይነጥፍ ወንዝ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ግድቦች አሏት፤ የከርሰ ምድር ውሃም አላት፤ ሁለቱም ግን አይበቋትም። ስለዚህ ከ1968 ጀምሮ ከየቤቱ የወጣውን ፍሳሽ አጣርታ መልሳ ትጠጣለች። በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በ2002 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው ማጣሪያ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ ውሃ ማምረት ይችላል።

ሥራው በአንድ ማጣሪያ አይታመንም፤ ምሥጢሩም እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ የፋብሪካ ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተለይቶ በሌላ መስመር ይሄዳል፤ ምክንያቱም የሰው ቆሻሻ በተፈጥሮ መንገድ ይበሰብሳል፣ ከባድ ብረትና ኬሚካል ግን አይበሰብስም። ይህ መለያየት ከተበላሸ የኋለኛው ድካም ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በተለመደው የፍሳሽ ማከሚያ ያለፈው ውሃ በኦዞን ይመታል፣ በአሸዋና በከሰል ያልፋል፣ ባክቴሪያ ሊሾልክበት በማይችል ደቃቅ ማጣሪያ ይጠለላል፣ በመጨረሻም ክሎሪን ይገባበታል። አንዱ ደረጃ ቢደክም ቀጣዩ እንዲይዘው ነው የተሠራው። ጥራቱ ከደረጃ በታች የሆነ ውሃ ወደ ከተማው መስመር አይለቀቅም፤ የተለቀቀውም ከግድብ ውሃ ጋር ተቀይጦ ነው ቧንቧ የሚደርሰው።

ሕዝቡ እነማን ናቸው?

ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚሆኑት ኦቫምቦዎች ናቸው። የሚኖሩት በሰሜን፣ ከአንጎላ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በየዓመቱ በሜዳው ላይ እየተበተነ ጥልቀት የሌላቸው የውሃ መስመሮችን በሚሠራበት አገር ነው። ውሃው ሲመጣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ሲሸሽ ከብት ያግዳሉ፤ ማሃንጉ የሚባለውን ድርቅ ቻይ እህል ይዘራሉ። ቅኝ ገዢ ሳይመጣ በፊት ኦንዶንጋንና ኦውክዋንያማን የመሳሰሉ የራሳቸው መንግሥታት ነበሯቸው። ጀርመንና ፖርቱጋል በ1886 ድንበር ሲካለሉ መስመሩ የኦውክዋንያማን መንግሥት ለሁለት ሰነጠቀው። የመጨረሻው ንጉሥ ማንዱሜ ያ ንዴሙፋዮ በ1917 ከደቡብ አፍሪካ ጦር ጋር ሲዋጉ ሞቱ።

ከኦቫምቦ በስተምሥራቅ በወንዙ ዳር ካቫንጎዎች አሉ፤ ከእነሱም ወዲያ በዛምቤዚ ክልል ሎዚ የሚናገሩ ሕዝቦች። ከብት አርቢዎቹ ሄሬሮዎች በመሀልና በምሥራቅ፣ ዘመዶቻቸው ሂምባዎች በሰሜን ምዕራብ ይኖራሉ። ዳማራዎች ከመሀል ወደ ምዕራብ፣ ናማዎች በደቡብ ናቸው። ከሁሉም ቀድመው በምድሪቱ የኖሩት ሳኖች ዛሬ በቁጥር አነስተኛ፣ በመሬት ይዞታም እጅግ የተገፉ ናቸው። በሬሆቦት በ1870 ከደቡብ አፍሪካው ኬፕ መጥተው የሰፈሩት፣ ከአውሮፓውያንና ከአፍሪካውያን የተወለዱት ባስተሮች አሉ፤ ራሳቸውን በዚህ ስም ይጠራሉ፣ ይኮሩበታልም። ጀርመንኛና አፍሪካንስ የሚናገሩ ነጮች በቁጥር አነስተኛ ናቸው። የሥራ ቋንቋው ግን ከ1990 ጀምሮ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። የአፍ መፍቻው የሆነለት ሰው ጥቂት ነው፤ የተመረጠው አፍሪካንስ አፓርታይድ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ ቋንቋ ስለነበረና ከአገሩ ልሳኖች አንዱን ከሌላው ላለማስበለጥ ነው።

ናማዎችና ዳማራዎች የሚናገሩት ኮይኮይጎዋብ በምላስ ጠቅታ የታወቀ ነው። አራት ጠቅታዎች አሉት። አንዱ ምላስን ከላይ ጥርስ ሥር አጣብቆ በመሳብ ይወጣል። ሌላው ፈረስ የሚነዳ ሰው በጉንጩ በኩል የሚያሰማው ዓይነት ነው። ሦስተኛው ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል የሚሰማውን ይመስላል፤ አራተኛው ከእሱ የሰላ ነው። እነዚህ ድምፆች ለንግግር ማጀቢያ አይደሉም። እኛ ዘንድ «ቀ» እና «ጠ» እንደሚለያዩት የሚለያዩ ተነባቢዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቢተካ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል።

የሄሬሮ ሴቶች ልብስ ደግሞ ታሪኩን በአካል ተሸክሟል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው፣ ወገቡ ላይ ጠበቅ ብሎ ከታች በብዙ ጨርቅ የሚነፋው ቀሚስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመን ሚስዮናውያን ሚስቶች የተወሰደ ነው። በራስ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ግን ግራና ቀኝ እንደ ላም ቀንድ ተዘርግቶ ይሠራል። የቅኝ ገዢውን ቀሚስ ለብሰው የከብቶቻቸውን ቀንድ ደፍተውበታል።

ጀርመን እንዴት ገባች?

የፖርቱጋሉ መርከበኛ ዲዮጎ ካዎ በ1486 በጠረፉ ላይ የድንጋይ መስቀል ተክሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አውሮፓውያን ከባሕር ዳር ብዙም አልራቁም፤ ደረቁ ጠረፍ ራሱ አጥር ሆኖ ከልክሏቸዋል። እንግሊዝ በ1878 ዋልቪስ ቤይን ብቻ ቆንጥራ ያዘች።

በ1883 አዶልፍ ሉደሪትዝ የሚባል የብሬመን ነጋዴ ከቤታኒው የናማ አለቃ ከዮሴፍ ፍሬደሪክስ ጋር ተዋዋለ። በመጀመሪያው ውል አንግራ ፔኬና የሚባለውን የባሕር ወሽመጥና ዙሪያውን ገዛ። በሁለተኛው ውል ደግሞ በ500 ፓውንድና በ60 ጠመንጃ ከኦሬንጅ ወንዝ ጀምሮ ያለውን ጠረፍ፣ ወደ ውስጥ «20 ማይል» ስፋት ጨምሮ ወሰደ። ማጭበርበሩ የተደበቀው ማይል በሚለው ቃል ውስጥ ነው። በአካባቢው ሰው የሚያውቀው የእንግሊዝ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ 20 ማይል 32 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን ጂኦግራፊያዊ የሚባለው የጀርመን ማይል ነበር፤ እሱ 7.4 ኪሎ ሜትር ነው። አለቃው 32 ኪሎ ሜትር አሸዋ የሸጡ መስሏቸው 148 ኪሎ ሜትር ፈርመው ሰጡ፤ አብዛኛው የሕዝባቸው መሬት በዚያ ውስጥ ነበር። በኤፕሪል 1884 ቢስማርክ የሉደሪትዝ ይዞታ በጀርመን ጥበቃ ሥር መሆኑን አስታወቀ። የቅኝ ግዛቱ ጅማሬ ይህ ነው።

በካርታው ላይ ወደ ምሥራቅ እንደ ጣት የተዘረጋው 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን መሬትም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በ1890 ጀርመን ከእንግሊዝ ጋር ስትደራደር በዛምቤዚ ወንዝ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መውጫ አገኛለሁ ብላ ወሰደችው፤ በጊዜው በነበሩት ቻንስለር ስምም ካፕሪቪ ተባለ። ከዚያ ወርዶ ወንዙ የቪክቶሪያ ፏፏቴ ሆኖ ገደል ይገባል፤ መርከብ የሚያልፍበት አልነበረም። በ2013 የአስተዳደር ክልሉ ስም ወደ ዛምቤዚ ተቀየረ።

የከብት ቸነፈር አገሩን ለሁለት እንዴት ከፈለው?

ኢትዮጵያውያን «ክፉ ቀን» እያልን የምናስታውሰው ዘመን የጀመረው በከብት እልቂት ነው። በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው፣ ገበሬው «ደስታ» የሚለው የከብት ቸነፈር ኢትዮጵያን ካራቆተ በኋላ አልቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ዛምቤዚን ተሻግሮ በ1897 ናሚቢያ ደረሰ። የሄሬሮ ከብት አብዛኛው አለቀ። ለሄሬሮ ከብት ሀብትም፣ ምግብም፣ የአባቶች አደራም ነበር። ያጡት ሰዎች ከነጋዴ ተበደሩ፤ ዕዳ ለመክፈል መሬት ሸጡ፤ ለነጭ ገበሬ ተቀጠሩ።

ጀርመኖች በሽታውን ለማገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከብት እንዳያልፍ የጥበቃ ጣቢያዎችን በመስመር አቆሙ። በሽታው አለፈ፤ መስመሩ ግን ቀረ። ኋላ ላይ አስተዳደሩ ከመስመሩ በታች ያለውን «የፖሊስ ቀጠና» ብሎ ለነጭ ሰፋሪ ከለለው። ከመስመሩ በላይ ያሉትን የኦቫምቦና የካቫንጎ አገሮች በጦር ሳይወርር በሩቁ ተዋቸው። የዛሬው የሕዝብ ካርታ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል፦ ከመስመሩ በላይ የነበረው ሕዝብ መሬቱን እንደያዘ ቆየ፤ ከመስመሩ በታች የነበረው ግን የደረሰበት ሌላ ነው።

በ1904 ምን ሆነ?

በጃንዋሪ 1904 ሄሬሮዎች በአለቃቸው በሳሙኤል ማሃሬሮ መሪነት በኦካሃንጃ ተነሡ። በርሊን ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታን ላከች። ኦገስት 11 ቀን በዋተርበርግ ተራራ ግርጌ በሄሬሮዎች ላይ ከበባ ተደረገ። እዚያ የነበሩት ተዋጊዎች ብቻ አይደሉም፤ ሴቶች፣ ልጆችና ከብቶች ጭምር ናቸው። ከበባውን ጥሰው መውጣት የቻሉት በምሥራቅ በኩል ነበር፤ ምሥራቁም ኦማሄኬ የሚባለው ውሃ የሌለው አሸዋማ ምድር ነው። ጦሩ ተከተላቸው፤ የውሃ ጉድጓዶችን ያዘ፤ ወደ ኋላ የሚመለሰውን አገደ። ኦክቶበር 2 ቀን ትሮታ በጽሑፍ አዘዘ፦ በጀርመን ድንበር ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም ሄሬሮ፣ መሣሪያ ያዘም አልያዘ፣ ከብት ኖረውም አልኖረው ይተኮስበታል፤ ሴቶችንና ልጆችን ከእንግዲህ አልቀበልም። ጥቂቶች በረሃውን አቋርጠው ዛሬ ቦትስዋና ወደምትባለው ምድር ገቡ። ብዙዎቹ እዚያው በጥም አለቁ።

በዚያው ወር ናማዎች በሽማግሌው መሪያቸው በሄንድሪክ ቪትቦይ አዝማችነት ተነሡ። ቪትቦይ በ1905 በውጊያ ላይ ቆስለው ሞቱ። የትሮታ ትእዛዝ በ1904 መጨረሻ ከበርሊን ተሻረ፤ የተተካው ግን ማጎሪያ ካምፕ ነው። ከሁሉም የከፋው በሉደሪትዝ ወደብ አጠገብ ያለው የሻርክ ደሴት ካምፕ ነበር። ከሞቃት አገር የመጡ እስረኞች በቀዝቃዛው የባሕር ነፋስ ላይ፣ በቂ ልብስና ምግብ ሳይኖራቸው የወደብና የባቡር ሐዲድ ሥራ ይሠሩ ነበር። የሞቱ ሰዎች የራስ ቅል ለ«ዘር ምርምር» ተብሎ ወደ ጀርመን ተልኳል፤ የተወሰኑት የተመለሱት በ2011፣ በ2014 እና በ2018 ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ80,000 ሄሬሮዎች የተረፉት 15,000 ገደማ፣ ከ20,000 ናማዎች ግማሽ ያህሉ እንደሆኑ ይናገራል። ቀጥሎ የወጡ ድንጋጌዎች መሬታቸውን ወረሱ፤ ያለ ገዢው ፈቃድ መሬትም ሆነ ከብት እንዳይኖራቸው ከለከሉ። መሀል አገሩና ደቡቡ ለነጭ ከብት አርቢዎች በሺህ በሺህ ሄክታር እየተሸነሸነ ታደለ። ዛሬ መንገደኛ «ባዶ» የሚለው ሰፊ የእርሻ አገር ይህ ነው። በ1908 ዛካሪያስ ሌዋላ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከሉደሪትዝ አጠገብ ከአሸዋ ውስጥ አልማዝ አነሣ፤ በዚያው ዓመት 26,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል መሬት «የተከለከለ ቀጠና» ተብሎ ተዘጋ። ያም ባዶነት እንዲሁ በትእዛዝ የመጣ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ከየት መጣች? ኢትዮጵያስ ምን አገባት?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የደቡብ አፍሪካ ጦር ገብቶ በጁላይ 1915 ጀርመኖችን አስገበረ። ከጦርነቱ በኋላ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አገሪቱን ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ሰጣት። ነገሩን በቤተሰብ ምሳሌ ማየት ይቻላል፦ ሞግዚት የሙት ልጁን ርስት ለልጁ ጥቅም ያስተዳድራል እንጂ አይወርሰውም፤ ለሾመው ዳኛም መልስ ይሰጣል። በ1946 ማኅበሩ ሲፈርስ ግን ደቡብ አፍሪካ «የሾመኝ ከሞተ የምጠየቅበት የለም» በሚል መንገድ አገሪቱን ወደ ራሷ ለመቀላቀል ጠየቀች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንቢ አላት። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በ1950 በሰጠው የምክር አስተያየት ሞግዚትነቱ አልሞተም አለ። ምክር ግን አያስገድድም፤ የሚያስገድድ ፍርድ ለማግኘት ከሳሽ አገር ያስፈልግ ነበር።

የሞግዚትነቱ ውል አንድ በር ትቶ ነበር፦ የማኅበሩ አባል የነበረ ሌላ አገር በውሉ አተረጓጎም ላይ ክርክር ካለው ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ከ1950ዎቹ ነጻ አፍሪካዊ አገሮች አብዛኞቹ ማኅበሩ በነበረበት ዘመን ቅኝ ግዛት ነበሩ። ኢትዮጵያ ግን ከ1923 ጀምሮ አባል ነበረች፤ ላይቤሪያም እንዲሁ። ማኅበሩ በ1936 ለኢትዮጵያ ራሷ ሳይደርስላት ቀርቷል፤ የአባልነቷ መዝገብ ግን ለሌላ ሕዝብ መክሰሻ ሆነ። ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ሁለቱ አገሮች በሄግ ክሱን አቀረቡ፦ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን በማስፈን የሞግዚትነት ግዴታዋን ጥሳለች።

በዲሴምበር 1962 ፍርድ ቤቱ በ8 ለ7 ድምፅ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ዋናው ክርክር ሲታይ ግን የችሎቱ ሰዎች ተለወጡ፦ አንድ ዳኛ ሞቱ፣ አንዱ ታመሙ፣ አንዱ ከችሎቱ ውጭ ሆኑ። ጁላይ 18 ቀን 1966 ድምፁ 7 ለ7 እኩል ተከፈለ። አውስትራሊያዊው ፕሬዚዳንት ፐርሲ ስፔንደር በደንቡ መሠረት ተጨማሪ ወሳኝ ድምፅ ሰጡና ክሱ ወደቀ። ምክንያቱ «ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም እንዳላቸው አላሳዩም» የሚል ነበር። አፓርታይድ ግዴታ መጣስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልነካውም።

ብዙዎች ይህን ባዶ እጅ መመለስ አድርገው ያዩታል፤ ቀጥሎ የሆነው ግን ሌላ ነው። በኦገስት 26 ስዋፖ የተባለው የነጻነት ድርጅት በኦሙጉሉግዎምባሼ የመጀመሪያውን የትጥቅ ውጊያ አደረገ። በኦክቶበር 27 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሞግዚትነቱን ሰረዘ፤ በ1968 አገሪቱን ከናሚብ በረሃ ስም ወስዶ «ናሚቢያ» አላት። በ1971 ያው ፍርድ ቤት፣ በጸጥታው ምክር ቤት ተጠይቆ፣ የደቡብ አፍሪካ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ።

በአገር ውስጥ ግን ደቡብ አፍሪካ ከ1964 ጀምሮ ሕዝቡን በዘር በዘር «የትውልድ አገር» በሚባሉ ክልሎች ለመከፋፈል ዕቅድ ይዛ ነበር። የሰሜን ወንዶች በኮንትራት ወደ ደቡብ ማዕድንና እርሻ ይወርዱ ነበር፤ ሚስትና ልጅ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ሰሜን መመለስ ግዴታ ነው። በዲሴምበር 1971 ከ13,000 በላይ ሠራተኞች በዚህ ላይ አድማ መቱ። የነጻነቱ መንገድ በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 435 በ1978 ቢቀየስም፣ የአንጎላ ጦርነት አሥር ዓመት አዘገየው። በዲሴምበር 1988 የኩባ ወታደሮች ከአንጎላ፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከናሚቢያ እንዲወጡ በኒውዮርክ ስምምነት ተፈረመ። በኖቬምበር 1989 ምርጫ ተካሄደ፤ ስዋፖ ከ72 መቀመጫ 41 አገኘ። ማርች 21 ቀን 1990 ሳም ኑዮማ ፕሬዚዳንት ሆነው ናሚቢያ ነጻ ወጣች። በደቡብ አፍሪካ እጅ የቆየችው ዋልቪስ ቤይ የተመለሰችው ግን በ1994 ነው።

ዛሬ ከዚያ ሁሉ ምን ቀርቷል?

አጥሩ ቀርቷል። በ1897 የተሰመረው መስመር በ1960ዎቹ የሽቦ አጥር ሆነ፤ ዛሬም «ቀይ መስመር» ይባላል። ሥራው የአፍተግር በሽታን ማገድ ነው። ከአጥሩ በታች ያለው ከብት ከበሽታው ነጻ ተብሎ ስለሚታወቅ ሥጋው ለአውሮፓ ኅብረትና ለኖርዌይ ይሸጣል፤ በ2020 ወደ አሜሪካም ተላከ። ከአጥሩ በላይ ያለው ገበሬ ግን ከብቱን በነጻ ወደ ደቡብ ነድቶ መሸጥ አይችልም። በኦሺቬሎ ኬላ ከሰሜን የሚወርድ መኪና ይፈተሻል፤ ጥሬ ሥጋ ይዞ ማለፍ አይፈቀድም። «ለምን አጥሩን አያፈርሱትም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ችግሩ የበሽታው ቫይረስ በሰሜን ምሥራቅ ባሉ የዱር ጎሾች ውስጥ ሳያሳምማቸው መኖሩ ነው። አጥሩን ወደ አንጎላ ድንበር ማዛወርም ቀላል አይደለም፤ ከብቶች በየዓመቱ ድንበሩን ተሻግረው ለግጦሽ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ወገን አንድ ዘመድ ነውና። ዝሆንም በየጊዜው አጥር ይጥላል። እንዲህም ሆኖ የሰሜኑ አርቢ ቅሬታ ተገቢ ነው፦ አብዛኛው ሕዝብ ያለበት ወገን ከጥሩው ገበያ ውጭ ሆኖ ቀርቷል።

መሬቱም ብዙ አልተንቀሳቀሰም። መንግሥት በ2018 ባወጣው መረጃ ባለርስትነት ካለው የንግድ እርሻ መሬት 70 በመቶ ያህሉ አሁንም በነጮች እጅ ነው። ነጻነት ሲመጣ የተመረጠው መንገድ «ሻጭ ሲፈቅድ መንግሥት ይገዛል» የሚል ነው፤ ሻጭ ካልፈቀደ ወይም ዋጋ ከሰቀለ ሥራው ይቆማል። ሌላም ውስብስብ ነገር አለ፦ የተነጠቁት በዋናነት ሄሬሮዎች፣ ናማዎች፣ ዳማራዎችና ሳኖች ናቸው፤ የሚከፋፈለው መሬት ግን ለሁሉም ዜጋ ነው። «የአባቴ መሬት ለሌላ ተሰጠ» የሚለው ክርክር ከዚህ ይመነጫል።

በሜይ 2021 ጀርመን የያኔው ድርጊት በዛሬ ዓይን ሲታይ የዘር ማጥፋት መሆኑን ተቀብላ በ30 ዓመት ውስጥ 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ለመስጠት ከናሚቢያ መንግሥት ጋር የጋራ መግለጫ አዘጋጀች። ብዙ የሄሬሮና የናማ ተወካዮች ሁለት ነገር ይቃወማሉ፦ ገንዘቡ የልማት ድጋፍ ተባለ እንጂ ካሣ አልተባለም፤ ድርድሩም በመንግሥታት መካከል ሆኖ የሟቾቹ ልጆች በራሳቸው መርጠው በላኳቸው ሰዎች አልተወከሉም። የ1904ቱ ውጊያ በተካሄደበት በዋተርበርግ ሥር የሞቱት የጀርመን ወታደሮች ስም የተቀረጸበት፣ በእንክብካቤ የተያዘ መካነ መቃብር አለ። ሻርክ ደሴት ደግሞ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ መንገደኞች በድንጋዮቹ መካከል ድንኳን ተክለው የሚያድሩበት የካምፕ ቦታ ሆኗል።